ባክቴሪያ ፈጅ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ሰው ብቻውን አይሆንም። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ጠበልተኞች ወደ ኪዳነ ምሕረት ያቀናሉ፤ በአንድ እጃቸው ቢጫ ጄሪካን፣ በሌላው የደከመ ሰው ክንድ ይዘዋል። ከወዲያ በኩል የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያዘሉ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ያም ይህም ለመተላለፍ ያህል ዳር ይይዝና «እንደምን አደራችሁ» ተባብሎ ያልፋል።

የቀበና ወንዝ የሚነሳው ከዚሁ ሰንሰለት ነው። ከላይ ሲታይ ወንዝ ብሎ ለመጥራት ያሳፍራል፤ በድንጋይ መሐል የሚንሿሿ፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ፣ እጅ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲወርድ ልብስ ይታጠብበታል። ቀበና ድልድይ ሲደርስ ቀለሙ ጠቁሯል፣ ፌስታል ተንሳፍፎበታል፣ የመጸዳጃ ቤት ቱቦ በስውርም በግልጽም ተለቆበታል። በበጋ ድልድዩን የሚሻገር ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሌሎቹ የከተማዋ ወንዞች ጋር ተደባልቆ ወደ ታላቁ አቃቂ ይገባል፤ መጨረሻው አባ ሳሙኤል ግድብ ነው።

በዚህ ምዕራፍ የማወራው መድኃኒት የሚፈለገው ከላይኛው ውኃ አይደለም። ከድልድዩ ሥር ካለው ነው።

ነገሩ ባክቴሪዮፋጅ ይባላል፤ ሲያጥር ፋጅ። ቃሉ «ባክቴሪያ በላ» ማለት ሲሆን ምንጩ ግሪክኛ ነው። የኛ ቋንቋ ግን ሳይጠራ የመጣለት ይመስለኛል፤ «ወረርሽኙ ሰው ፈጀ» ስንል፣ ጠበቃውን «ነገረ ፈጅ» ስንል የምናውቀው «ፈጅ» ከፋጅ የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ዝምድና የለም፣ ግጥምጥሞሽ ነው። ቢሆንም «ባክቴሪያ ፈጅ» ከሚለው የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም።

ፋጅ ቫይረስ ነው። ይህን ስናገር የሚደነግጥ ሰው ይኖራል፤ በ2020 የኮተቤው ሆስፒታል የኮሮና ሕሙማን ማዕከል ሆኖ ሳለ በዚያ በኩል በታክሲ ሲያልፍ መስኮት ይዘጋ የነበረ ሰው ብዙ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ቫይረስ ሁሉ የሰው ጠላት አይደለም። ቫይረስ የሚገባው ቁልፉ ወደሚከፍትለት ጓጉንቸር ብቻ ነው። የኮሮና ቁልፍ የሳንባችንን ሴል ይከፍታል፤ የፋጅ ቁልፍ የተሠራው ለባክቴሪያ ቅርፊት ነው። ያውም ለሁሉም ባክቴሪያ አይደለም፣ ለአንድ ዘር፣ ብዙ ጊዜም ለዚያ ዘር ጥቂት ዝርያዎች ብቻ። የእኛን ሴል አያውቀውም። በአንጀታችን፣ በምራቃችን፣ በቆዳችን ላይ አሁን በዚህች ደቂቃ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፋጆች አሉ፤ አብረውን ኖረው አብረውን ይቀበራሉ።

በመጻሕፍት ላይ ሥዕሉ የሚወጣው ቲ4 የተባለው ነው። ራሱ ባለ ብዙ ገጽ ጌጥ ይመስላል፣ ከሥሩ አንገት አለው፣ ከአንገቱ ሥር እንደ ሸረሪት የታጠፉ እግሮች። ርዝመቱ ከሚያጠቃው ባክቴሪያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ባክቴሪያው ላይ ያርፋል፣ በእግሩ ይቆነጥጣል፣ እንደ መርፌ አንገቱን ሰብስቦ ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይገፋል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው የራሱ ጌታ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መቶና ከዚያ በላይ አዳዲስ ፋጆች ይሠሩበታል፤ ግድግዳው ይፈነዳል፤ የተፈቱት ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ጎረቤት ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። እኔ የማውቀው ሌላ መድኃኒት ሕመምተኛው ገላ ውስጥ ራሱን አያባዛም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም አያስፈልግም። ከድልድዩ ሥር ውኃ በጠርሙስ ይቀዳል። ጭቃው እንዲዘቅጥ በማሽን ይሽከረከራል፤ ከዚያ ቀዳዳዋ 0.22 ማይክሮ ሜትር በሆነች ማጣሪያ ይጨመቃል። ባክቴሪያ በዚያች ቀዳዳ አያልፍም፣ ፋጅ ያልፋል። የወጣው ውኃ እንደ ምንጭ የጠራ ነው፤ እንድትጠጡት ግን አልመክርም። ከዚህ ጠብታ ወስዶ መግደል ከሚፈለገው ባክቴሪያ ጋር ይደባለቃል፣ ለብ ባለ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል) ተደርጎ በሳህን ላይ ይፈሳል፣ 37 ዲግሪ ላይ ያድራል። ጠዋት ሳህኑ ሲከፈት ባክቴሪያው በቅሎ ነጣ ያለ ስስ ምንጣፍ ሠርቷል። ፋጅ ካለ ምንጣፉ ተበስቷል፤ ክብ፣ ጥርት ያሉ፣ አንዳንዱ የመርፌ ጫፍ አንዳንዱ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ቀዳዳዎች። ዓይኑ በደንብ የወጣ እንጀራ ወደ ብርሃን አንስቶ ያየ ሰው ያንን ሳህን አይቶታል። እያንዳንዷ ዓይን የተጀመረችው ከአንድ ፋጅ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደረገው ቀጣይ ሥራ ከአንዷ ዓይን በመርፌ ነክቶ እንደገና ማራባት፣ እንደገና ማጥራት፣ ንጹሕ ዘር እስኪገኝ መደጋገም ነው።

አሁን ለምን ከላይኛው ውኃ እንዳልተነሣሁ ግልጽ ይመስለኛል። ፋጅ ያለ ባክቴሪያ አይራባም። የተራራው ምንጭ ንጹሕ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ድሃ ነው። ውኃው ከሰው፣ ከከብት፣ ከሆስፒታል በተገናኘ ቁጥር ባክቴሪያው ይበዛል፣ እሱን ተከትሎ ፈጁም ይበዛል። በየካ ክፍለ ከተማ ኮተቤ ላይ፣ ፍሳሽ መጣጭ መኪኖች ከየጉድጓዱ የሞሉትን የሚያራግፉበት የማጣሪያ ጣቢያ አለ። ለአካባቢው ነዋሪ ሽታ ነው። ለፋጅ አዳኝ ግን ከየሰፈሩ አንጀት የተሰበሰበ ጎተራ ነው።

ይህን ነገር መጀመሪያ የጠረጠረው በሕንድ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ፣ ኧርነስት ሃንኪን ነው። በ1896 የጋንጅስና የጃሙና ወንዝ ውኃ የኮሌራን ባክቴሪያ እንደሚገድል፣ ሲፈላ ግን ይህ ኃይሉ እንደሚጠፋ ጻፈ። ምን እንደሆነ አላወቀም። በ1915 ሌላው እንግሊዛዊ ፍሬድሪክ ትዎርት የባክቴሪያ እርባታው እየቀለጠ ሲጠፋ አየ፤ ቫይረስም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል ብሎ ጽፎ ተወው። ገፍቶ የሄደበት ፈረንሳይ የተወለደው ፌሊክስ ዴሬል ነው።

እዚህ ላይ ወደ ቀበና ልመለስ። ከአድዋ ድል በኋላ አፄ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮን ቦታ ሲሰጡ እንግሊዝም፣ ፈረንሳይም፣ ሩሲያም የደረሳቸው በዚህ ከእንጦጦ በታች ባለው ገጽ ነው። ዛሬም ሦስቱ ኤምባሲዎች ከነጥቅጥቅ ዛፋቸው ተቀራርበው አሉ፤ አንድ ሰፈርም «ፈረንሳይ» ተብሎ ቀርቷል። የፋጅ ታሪክም እንዲሁ በሦስቱ መሐል የተከፈለ ነው፤ እንግሊዙ አየው፣ ፈረንሳዊው ስም አወጣለት፣ ሶቪየቶች ያዙት። ሌሊት በዚያ መንገድ ስሄድ ይህ ትዝ ይለኛል፤ ለማንም ብነግረው የማይጠቅመው ዓይነት ሐሳብ ነው።

ዴሬል ፓሪስ በሚገኘው ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሠራ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደሮች ላይ የወረደውን የደም ተቅማጥ መረመረ። የሕሙማኑን ዓይነ ምድር አጣርቶ ከባክቴሪያው ጋር ሲያገናኘው ባክቴሪያው ጠፋ። በመስከረም 1917 ውጤቱ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ፤ ባክቴሪዮፋጅ የሚለው ስም የወጣውም ያኔ ነው። በ1919 እዚያው ፓሪስ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የ12 ዓመት ልጅ ክፉኛ ደም እየቀዘነ ተኛ። ዴሬል ለልጁ ከመስጠቱ በፊት እሱ ራሱ፣ የሆስፒታሉ ሐኪምና ተለማማጆቹ ፋጁን ጠጡት። ምንም አልሆኑም። በነጋታው ልጁ ጠጣ፤ ዳነም። ዛሬ አንድም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይህን አይፈቅድም፣ ባይፈቅድም ልክ ነው። ግን ከልጁ በፊት ራሳቸው መጠጣታቸውን አከብረዋለሁ።

ፓሪስ መጥቶ ከዴሬል ጋር የተዋወቀው ጆርጂያዊው ጊዮርጊ ኤሊያቫ በ1923 ትብሊሲ ላይ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ኢንስቲትዩት መሠረተ። ዴሬልም በ1930ዎቹ ሄዶ አብሮት ሠርቷል። በ1937 በስታሊን ጭፍጨፋ ኤሊያቫ «የሕዝብ ጠላት» ተብሎ ተረሸነ። ኢንስቲትዩቱ ግን ተረፈ፣ የሶቪየት ወታደር ቁስልና ተቅማጥ ሲታከምበት ኖረ፣ እስካሁንም ከየአገሩ ተስፋ የቆረጡ ሕሙማን ይሄዱበታል። ምዕራቡ ዓለም በበኩሉ ተወው። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ በዘመኑ በየፋርማሲው ይሸጥ የነበረው ፋጅ ብዙው የማይረባ ስለነበር የአሜሪካ ሐኪሞች በ1934 ጠንከር ያለ ትችት አወጡበት፤ በ1940ዎቹም ፔኒሲሊን መጣ። አንድ መርፌ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያን ማንነቱን ሳይጠይቅ የሚገድል ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ ልኩን ቫይረስ ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ማን ይዞራል?

ያ አለመጠየቅ ነው ዛሬ ዕዳ ይዞብን የመጣው።

ሾላ ገበያ አጠገብ አንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ያሉ እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር እየፈቱ፣ «የኔ ልጅ፣ ያቺን ባለ ሁለት ቀለሟን ስጠኝ፤ ለልጅቷ ጉሮሮ» አሉት። ባለሙያው ወጣት ነው፤ «እማማ፣ ማዘዣ አለዎት?» አላቸው። «ባለፈው ያለ ማዘዣ አልነበር የሰጠኸኝ?» ሳቅ አለና ዘወር ብሎ ወደኛ አየ። በመጨረሻ አምስት ፍሬ ቆርጦ ሰጣቸው። እኔ ልጁንም እናትየዋንም አልፈርድባቸውም፤ ጤና ጣቢያ ግማሽ ቀን ወረፋ ነው፣ የእንጀራ ሥራ ደግሞ አይጠብቅም። ባክቴሪያዋ ግን ፍርድ አታውቅም። አምስት ፍሬ የሚገድለው ደካማውን ነው፤ የተረፈው ብርቱው ይራባል፣ ብርታቱንም ለጎረቤቱ ያወርሳል። ላንሴት መጽሔት በ2022 ባወጣው ጥናት፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከሕዝብ ቁጥር አንጻር ከባዱ የወደቀው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ላይ ነው።

ስለዚህ የተተወው ተመልሶ መጣ። የካሊፎርኒያው ፕሮፌሰር ቶም ፓተርሰን በ2015 መጨረሻ ግብፅ ለሽርሽር ሄዶ አሲኒቶባክተር የተባለ፣ ምንም መድኃኒት የማይነካው ባክቴሪያ ይዞ ተመለሰ። ራሱን ስቶ ወራት ተኛ። ሚስቱ ስቴፋኒ ስትራትዲ የኤችአይቪ ተመራማሪ ናት፤ ሐኪም አይደለችም። ጽሑፍ ስታገላብጥ ፋጅን አገኘች፣ ለማታውቃቸው ሳይንቲስቶች ሁሉ ጻፈች። በመጋቢት 2016 ከፍሳሽና ከከብት በረት ጭምር የተገኙ ፋጆች በሆዱና በደም ሥሩ ተሰጡት፤ በቀናት ውስጥ ነቃ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሌላይቱ ታሪክ ነው። ለንደን ውስጥ ሳንባዋ የተተካላት የ15 ዓመት ልጃገረድ ከቲቢ ዘመድ በሆነ ባክቴሪያ ቁስሏ ሁሉ መግል ሆነ። የፒትስበርጉ ግራሃም ሃትፉል ካጠራቀማቸው ሺዎች ፋጆች ሦስት መርጠው በ2018 ሰጧት፤ ተሻላት። ከሦስቱ አንዱ «መዲ»፣ ማለትም ጭቃማው፣ ይባላል። የተገኘውም ደቡብ አፍሪካ ደርባን ውስጥ አንዲት ተማሪ ካነሣችው የበሰበሰ የበርበሬ ዘመድ አትክልት፣ ከደበርጃን ነው። ከማዳበሪያ ክምር የተነሣ የበሰበሰ ደበርጃን ለንደን ድረስ ሄዶ ነፍስ አተረፈ።

መዲ ላይ የቆምኩት ያለ ነገር አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በኢትዮጵያ መታከም የጀመረው በ2009 እዚያ ነው። ሃትፉልና ባልደረቦቹ በ2021 መዲንና ጥቂት ሌሎችን በራሱ በቲቢ ባክቴሪያ ላይ ሞክረው በብልቃጥ ውስጥ እንደሚገድሉት አሳይተዋል። ብልቃጥ ግን ሳንባ አይደለም። የቲቢ ባክቴሪያ የሚደበቀው በራሳችን ተከላካይ ሴሎች ሆድ ውስጥ ነው፤ ፋጅ ደግሞ የእኛን ሴል መክፈቻ የለውም ብያለሁ። ያው ደኅንነቱ ራሱ እዚህ ላይ ድክመት ሆነ።

ሌላም ድክመት አለው፣ ተስፋ ሻጮች የማይነግሩን። በፈረንሳይና በቤልጂየም የቃጠሎ ሕሙማን ላይ የተደረገውና በ2018 የታተመው ሙከራ ከሽፏል ማለት ይቻላል፤ የተዘጋጀው ፋጅ እያደር ኃይሉ ደክሞ ሕሙማኑ የደረሳቸው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነበርና ከተለመደው ቅባት ዘግይቶ ሠራ። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ሰው ያስታመመ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ቁስል ላይ ቀን ማለት ብዙ ነው። ደግሞም ፋጅ ሁሉ ገዳይ አይደለም። አንዳንዱ ገብቶ ይተኛል፣ ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ጋር ተሰፍቶ አብሮ ይኖራል፣ አልፎ አልፎም መርዝ ያስታጥቀዋል። ኮሌራን ኮሌራ ያደረገው መርዝ ከእንዲህ ያለ ፋጅ የመጣ መሆኑ በ1996 ታውቋል። በ2016 ክረምት አዲስ አበባን ያስጨነቀውን አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የምታስታውሱ፣ ባክቴሪያዋን መሣሪያ ያስያዛት ቫይረስ ነው ብላችሁ ብትናገሩ አልተሳሳታችሁም።

ይህን ከጻፍኩ ዘንዳ ብዙ ሰው የጠየቀኝን ልመልስ። «እንግዲህ ጠበል የሚፈውሰው በፋጅ ነዋ!» የሚሉኝ አሉ፤ አንዳንዱ እምነቱን በሳይንስ ሊደግፍ፣ አንዳንዱ ሊያራክስ። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፦ አይደለም። ከላይ እንዳልኩት የጠራ ምንጭ ለዚህ ሥራ ድሃ ነው፣ በአንድ ውኃ ውስጥ ያለ ፋጅም ለአንድ ሕመምተኛ ባክቴሪያ ልክ ሆኖ መገኘቱ ዕጣ ነው። የሚያምን ሰው የሚሄደው ለቫይረስ ብሎ አይደለም። ውኃው በእምነት ቢቀደስም ሰው በብዛት ሲሰበሰብ መጸዳጃው ግን የቧንቧና የጉድጓድ ጉዳይ ነው፤ በ2023 ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ላይ ኮሌራ ሲነሣ ያየነው ይህንኑ ነው።

አገር ቤትስ? ፈላጊ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮቴክኖሎጂ ተመራማሪዎች ከከተማዋ ልዩ ልዩ ቦታዎች ናሙና ወስደው፣ ተቅማጥ የሚያመጡ መድኃኒት የተላመዱ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎችን የሚፈጁ ፋጆች ለይተው፣ ለሕክምና ይሆኑ እንደሆነ መርምረው በ2024 ቢኤምሲ ኢንፌክሽየስ ዲዚዝስ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ፋጅ ለማግኘት ትብሊሲ መሄድ አያስፈልግም ማለት ነው። የከተማችን ቆሻሻ ውኃ ይበቃል።

የሚጎድለን ሌላ ነው። ፔኒሲሊን ብዙ ዓይነት ባክቴሪያን ስም ሳይጠይቅ ይገድላል ብያለሁ፤ ፋጅ ግን ስም ካልተጠራለት አይንቀሳቀስም። ሐኪሙ «ኢንፌክሽን አለብህ» ብሎ ሴፍትሪያክሶን የሚያዝበት አሠራር ለፋጅ አይሆንም። የትኛው ባክቴሪያ? የትኛው ዝርያ? ከዚህ ሕመምተኛ የወጣው የቱ ነው? ይህን የሚመልሰው ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ መለየት፣ ነው፤ ካልቸር ደግሞ ባለሙያ፣ አጋር፣ መብራት የማይቋረጥበት ማሞቂያና ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በ2017 የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በጥቂት ሆስፒታሎች መከታተል ጀምሯል። ጥሩ ጅምር ነው። አብዛኛው ታማሚ ግን ዛሬም በግምት ይታከማል።

አክስቴ ኮተቤ መንገድ ላይ መኪና ገጭቷቸው እግራቸው ላይ ብረት ገባላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ቁስሉ መግል ያዘ። ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል መጀመሪያ አንድ መርፌ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ታዘዘ። በአሥራ አንደኛው ቀን ካልቸር ይሠራ ተባለ። ወረቀቱ ሲመጣ ከላይ «ክሌብሲዬላ» ይላል፤ ከሥሩ የመድኃኒት ስም ዝርዝር፣ ከጎኑ እላይ እታች አር፣ አር፣ አር፤ አልበገርም ማለት ነው። ከታች፣ ከሜሮፔኔም ጎን፣ አንዲት ኤስ ነበረች፤ እበገራለሁ ማለት ነው። ከውጭ መድኃኒት ቤት በየቀኑ እየገዛን፣ ሁለት ጊዜ ቁስሉ እየታጠበ ዳኑ። «ልጄ፣ ያቺ አንዷም ባትኖር ኖሮስ?» አሉኝ ቤት ከገቡ በኋላ፣ ቡና እየተቆላ።

ወረቀቱን የሰጠችኝን የላቦራቶሪ ባለሙያ ጠይቄያት ነበር። ፋጅ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ፣ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ያቺው ከአክስቴ እግር የወጣችው ባክቴሪያ ናትና፣ «ትቀመጣለች?» አልኳት።

«የት ጋሼ?» አለችኝ። «ፍሪጁ ለሪኤጀንትም አልበቃን። ትናንት ኦቶክሌቭ ገብታ ተጥላለች።»